ጠዋት የተሰናበተችው ሴት

ይህ የደረሰብኝ ባጃጅ ገና ወደ ሚዛን ከተማ በገባበት ሰሞን ነው። ዓመታት ቢያልፉም፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ በዋለ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ዛሬም ያስፈራኛል።

ያኔ በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን ሕሙማን ቤት ለቤት እየዞርኩ እንከባከብ ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው። ባልደረቦቼ ሲለቁ የእነሱም ሕሙማን ለኔ ተጨመሩ። ኃላፊያችን «አንቺ እኮ ብረት ነሽ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። እንቅልፍ ከራቀኝ ሰንብቷል፤ ምግብም አይወርድልኝም። ግን ከሕሙማኑ ፊት ቆሞ «ደከመኝ» ማለት በሕመማቸው መቀለድ መስሎ ስለሚታየኝ አፌን ዘጋሁ።

ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ በዋለ አንድ ቀን፣ ቢሮ ሪፖርት ስጽፍ ውዬ፣ ወደ ማምሻው አማን ወዳለው የእትዬ ታደሉ ቤት ሄድኩ። እትዬ ታደሉ ብቻዋን የምትኖር፣ ከአልጋ መውረድ ያቃታት ሴት ናት። መድኃኒት እንድትጀምር ስንት ለምኜ ያግባባኋት እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን ቀና ብላ መቀመጥ ጀምራ ነበር።

በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ አየችኝና ወደ ግድግዳው ሸሸች።

«ማነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ እንጂ፣ ሰብለ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሰብለማ ጠዋት ተሰናብታኝ ሄደች።»

ትኩሳት ይዟት የምትቃዥ መሰለኝና ግንባሯን ዳሰስኩ። ቀዝቃዛ ነው። ጠዋት ቢሮ እንደነበርኩ ነገርኳት። ምሰሶው ላይ ወደተንጠለጠለው ጃንጥላ ጠቆመችኝ። የኔ ጃንጥላ ነው። የተሰበረውን ሽቦ በቀይ ክር ያሰርኩት ራሴ ነኝ። እቤቴ ያለ ነበር የሚመስለኝ። ስነካው እርጥብ ነው።

አውርጄ ክሩን ደግሜ አየሁት።

«እዚያ በርጩማ ላይ ተቀመጥሽ» አለች ቀስ ብላ። «ብዙ አወራሽ፤ ዐይንሽ ግን እኔን አያይም። ከእንግዲህ አልመጣም አልሽኝ። ከኋላሽ ብጠራሽም አልዞርሽም።»

የጠዋት ኪኒኗ ሳይነካ ጎኗ ተቀምጧል። ለምን እንደተወችው ስጠይቃት «አንቺ ካልመጣሽ ለማን ብዬ ነው የምውጠው?» አለችኝ።

ከጃንጥላው ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። መኖር እንድትፈልግ የለመንኳት እኔ፣ መጥቼ ተስፋዋን ወስጄባት ሄጃለሁ፤ መምጣቴን እንኳ አላውቅም። ውሃ ቀድቼ የማታውን ኪኒን እንድትውጥ ለመንኳት። እምቢ አለች። በኋላ «መጀመሪያ አንቺ ተኚ፤ ከዚያ እውጣለሁ» አለችኝ። ላባብላት ብዬ አጠገቧ ጋደም አልኩ። ኪኒኑን ስትውጥ አየሁ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም።

ስነቃ ነግቷል። ብርድ ልብሷ እኔ ላይ ነው። እሷ፣ ከአልጋ መውረድ የማትችለው ሴት፣ በርጩማው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ትጠብቀኛለች። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ቢሮ ስደርስ ዘበኛውን ጠየቅኩት። «ትናንት ጠዋት ጃንጥላሽን ይዘሽ ወጣሽ። ሰላም ስልሽ ዝም ስትይኝ የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ። እኔ ግን ከጠረጴዛዬ መነሳቴን እስካሁን አላስታውስም። ኃላፊዬን ዕረፍት ጠየቅኩት፤ ፊቱ ቢጠቁርም ፈቀደልኝ። የሄድኩበት ሐኪምም ከእንቅልፍና ከምግብ ሌላ ብዙ መድኃኒት አላዘዘልኝም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን አልተውኩም። ሕሙማኔን ግን ከባልደረቦቼ ጋር እካፈላለሁ፤ ብረት ነሽ የሚለኝንም «አይደለሁም» እለዋለሁ። እትዬ ታደሉም ተሽሏት አማን ገበያ ዝንጅብል ትሸጣለች። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ ያን ዕለት ሌላ ምን እንዳልኳት ጠየቅኳት።

«ተይው። እሱን የነገርሽው ለእኔ ነው፤ ለአንቺ አይደለም» አለችኝ።

ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። ሥራው ሲከብደኝ ግን ሳይብስብኝ እሷ ጋ ሄጄ «ደክሞኛል» እላታለሁ፤ ስናገረው ይቀለኛል። እሷም ሁልጊዜ በደስታ ትቀበለኛለች። ሆኖም ከማስገባቷ በፊት እደጃፉ ላይ አቁማ፣ የመጣሁት እኔ መሆኔን ለማወቅ፣ ዐይኔን ትክ ብላ ታያለች።