ደረጃ የሌለው ሪፖርት ካርድ

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የትምህርት ቤት ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ኦዊኖ ገበያ ወርጄ ነበር። ሻጩ ጨርቁን እያገላበጥኩ ስጠራጠር አይቶ ከጫፉ አንድ ክር መዘዘና በክብሪት ለኮሰው። የተቃጠለ ወረቀት የሚመስለው ሽታ፣ ንጹሕ ጥጥ ሲቃጠል ብቻ የሚሸተው ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ በዚያ ሁሉ ግፊያና ጩኸት መሀል ቆሜ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሻጩ ጭሱ የጎዳኝ መስሎት "ሶሪ ማዳም፣ ሶሪ" እያለ በእጁ ያራግብልኛል። አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው ብዬ ብነግረው ምን ይገባዋል?

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ክር ሳያቃጥል ጨርቅ ገዝቶ አያውቅም። ከወሎ፣ ከሐይቅ ተነስቶ በናይሮቢ በኩል ካምፓላ ገብቶ፣ እዚያው ኦዊኖ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ጨርቅ ሲሸጥ፣ አስመጪው ሁሉ "መቶ በመቶ ጥጥ ነው" ብሎ ሲምልና ሲገዘት እሱ ክብሪቱን ያወጣ ነበር፤ ጥጥ ከሆነ አመድ ይሆናል፣ ናይለን ከሆነ ቀልጦ ጠብ ይላል። ሐብሐብ ሲገዛ እንደ በር ያንኳኳዋል፤ ሐኪም መድኃኒት ሲያዝለት ፋርማሲስቱን፣ ፋርማሲስቱ ሲነግረው ደግሞ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ዝናብ ይዘንባል ብለው በሬዲዮ ከተናገሩ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ራሱ ካላየ ጃንጥላ አይዝም። በዚህች ዓለም ሳይመረምር የሚያምነው ሁለት ብቻ ነበር፤ ፈጣሪውንና እኔን።

እኔን ያምን ነበር ስል ዓይኑ ነበርኩ ማለቴ ነው። የገበያ እንግሊዝኛና ሉጋንዳ አያንሰውም፣ ተከራክሮ ይረታል፤ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ከገበያው ጽሕፈት ቤት የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ፣ የአከራያችንን ደብዳቤ፣ የመድኃኒቱን ማዘዣ ሳይቀር የማነብለት እኔ ነበርኩ። ካባላጋላ ሰፈር ያለችው ቤታችን በረንዳ ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠኛል። "ሌላስ?" ይላል። "በቃ፣ ይኸው ነው" ስለው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል። አንድም ቀን ድገሚው ብሎኝ አያውቅም።

የተማርኩባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከናጉሩ ኮረብታ ወረድ ብሎ፣ ድሮ የአንድ ሰው መኖሪያ በነበረ ሰፊ ግቢ ውስጥ የነበረች ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ናት። ሁላችንም ተሰብስበን ስልሳ አንሞላም፤ ሳሎኑ ቤተ መጻሕፍት፣ ወጥ ቤቱ ላቦራቶሪ፣ ግቢው መሀል ያለው፣ በእንግሊዝኛ ጃክፍሩት የሚሉት ግዙፍ የፌኔ ዛፍ ደግሞ ጥላው እንደ አንድ ክፍል ይቆጠር ነበር። ፍሬው በበሰለ ሰሞን ጣፋጭ ሽታው ደብተራችን ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ይከርማል። ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ኪዛ ቀጭን፣ ሱሪያቸው ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሒሳብ ሲያስተምሩን የዛፉን ጥላ ለክተን ቁመቱን እንድናወጣ ያደርጉናል፤ ታሪክ የሚጀመረው "አያትህ ከየት መጣ?" ከሚለው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ክርክር አለ፣ አንዱ ወገን ሊያሸንፍ ሲል "አሁን ቦታ ተለዋወጡ" ይሉና የተሟገትንለትን ራሳችን እንድናፈርስ ያዙናል። ያበሽቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት አልተማርኩም።

ከሁሉም ጉደኛዋ "የማላውቀው" የምትባለው ደብተር ናት። እያንዳንዳችን በየቀኑ አንድ የማናውቀውን ነገር እንጽፍባታለን፤ ዓርብ ዓርብ ሚስተር ኪዛ ሰብስበው ያነቡና ከሥሯ ሁልጊዜ ያችኑ አንድ ጥያቄ ይጽፋሉ፦ "እንዴት ልታውቂው ትችያለሽ?" መልስ ብሎ ነገር የለም። አባቴ ይህን የነገርኩት ቀን ሻዩን ቁጭ አደረገው። "እኔ ትምህርት ቤት የላክኩሽ የምታውቂውን እንድትጽፊ ነው" አለ። "የማታውቂውን ለመጻፍማ እቤትሽ ቁጭ ብትዪስ!"

የመጀመሪያው ተርም ሲያልቅ ሪፖርት ካርዱ መጣ፤ ካርድ ከተባለ። ሦስት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ነው፤ በምን እንደበረታሁ፣ የት እንደምሰንፍ፣ ክርክር ላይ ሰው ሳያስጨርሱ የመናገር አመል እንዳለብኝ ሳይቀር ተጽፏል። አነበብኩለት። "ሌላስ?" አለ፤ በቃ አልኩት። ዓይኑን ገለጠና ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። "ደረጃው የታለ? ስንተኛ ወጣሽ?" ደረጃ አይሰጡም ስለው ፊቱ ልክ ክሩ ቀልጦ ጠብ ሲል እንደሚሆነው ሆነ። እሱ ሐይቅ ሲማር ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሁለተኛ ነበር የሚወጣው፤ አንደኛ የሚወጣው የመምህሩ የእኅት ልጅ ስለነበር እስከ ዕለተ ሞቱ ያንን ውጤት አልተቀበለውም። ሰው ስንተኛ እንደሆነ የማይነገርበት ትምህርት ቤት ለእሱ ሜትር የሌለው የጨርቅ ሱቅ ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ መስፍን ደግሞ እሳቱ ላይ ቤንዚን አርከፈከፉበት። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ፣ ከረባት የማይለያቸው ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ከመቶ ሃያ ተማሪ ሦስተኛ መውጣቱን የማያውቅ የካባላጋላ አበሻ አልነበረም። "ደረጃ የሚደበቀው" አሉት አባቴን፣ "ልጅቷ ጭራ ስትሆን ነው። ወላጅ ተናዶ እንዳያስወጣት ያባብሉሃል።" አባቴም "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል" እያለ ሲብሰለሰል ከረመና፣ በሦስተኛው ተርም ማብቂያ ቆረጠ፤ ወይ ሚስተር ኪዛ ደረጃዬን ይነግሩታል፣ ወይ እኔ ማሳካ ወዳለው፣ የሁሉም ደረጃ ሰሌዳ ላይ ወደሚለጠፍበት ትልቅ አዳሪ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ስንት ሌሊት እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አላውቅም ብል ማንም የማይስቅብኝ ብቸኛ ቦታዬ ነበረቻ!

ሄድን። ሚስተር ኪዛ ከፌኔው ሥር ወንበር አወጡልን። አባቴ ለዚህ ጉዳይ የገበያ እንግሊዝኛውን አላመነውምና ጥያቄውን በአማርኛ ጠየቀ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎምኩ። እሳቸው ሁለት መዳፋቸውን ከፍተው ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁና፣ "ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ከሌሎቹ ስንተኛ እንደሆነች አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ስትመጣ የት እንደነበረችና ዛሬ የት እንደደረሰች ግን ቁጭ ብዬ ልነግራቸው እችላለሁ" አሉ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ፣ እኔ ራሴ ሳላዘው፣ "አንደኛ ናት ይላሉ" አልኩት።

አባቴ ሚስተር ኪዛን አየ፣ የተከፈቱ መዳፎቻቸውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ "እንግዲያ ይሁን" ብሎ ተነሳና ጨበጣቸው። ስንመለስ መንገድ ላይ አቁሞ ሮሌክስ ገዛልኝ፤ ያን በቻፓቲ የተጠቀለለ ትኩስ እንቁላል ግማሹን ሳልበላ ቤት ድረስ ይዤው ገባሁ። ማሳካ ሁለተኛ አልተነሳችም።

መጠርጠር የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ መውጣቱን ለሠላሳ ዓመት ሲያወራ የኖረ ሰው፣ የልጁን አንደኛነት ለአንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰም። ጋሽ መስፍን "እህሳ፣ ስንተኛ ሆነች?" ሲሉት "ደህና ናት" ብሎ ወሬውን ቀየረ። በሳምንቱ ከገበያው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ፤ በረንዳው ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ጠበቅኩት። ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ጋሽ መስፍን ቤት ሄደ። የሚቀጥለውንም እንደዚያው። "አንቺ አጥኚ፣ ላስቸግርሽ አልፈልግም" አለኝ፣ በፍቅር። ቁጣ ቢሆን እኮ እችለው ነበር! "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" የሚባለው ተረት ያኔ ለእኔ ማስፈራሪያ ነበር፤ በየጠዋቱ ዛሬ ይጠይቀኛል ብዬ እነሳለሁ፣ አይጠይቀኝም።

አንድ ቀን "የማላውቀው" ላይ "አባቴ እንደዋሸሁት ያውቅ እንደሆነ አላውቅም" ብዬ ጻፍኩ። ዓርብ ደብተሬ ሲመለስ ከሥሯ ያችው ጥያቄ ነበረች፤ "እንዴት ልታውቂው ትችያለሽ?" ከሌላው ጊዜ ጠበቅ ብላ የተጻፈች መሰለኝ። መልሱን የአምስት ዓመት ልጅም አያጣው፤ ሄዶ መጠየቅ ነው። እኔ ግን ገጹን ቀድጄ ጣልኩት።

እዚያው ጨረስኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሰው ሆንኩ። ትምህርት ቤቷ ዛሬ የለችም፤ ሚስተር ኪዛ ካረፉ በኋላ ግቢው ተሸጦ ዛፉ ተቆርጦ ፎቅ ተሠርቶበታል። በዚያ ሳልፍ ያሳዝነኛል፤ ግን ከሷ የሚገባኝን ወስጃለሁ፣ ቀርቶብኛል አልልም። የቀረብኝ ሌላ ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ሲኖር፣ መርቆ ሲድረኝ፣ ልጆቼን ትከሻው ላይ ሲያሳድግ፣ አንዲት ወረቀት አንብቢልኝ ብሎኝ አያውቅም።

ሊሞት ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት አንገቱ ላይ እብጠት ወጣችና ሆስፒታል ወስጄ አስመረመርኩት። ውጤቱን ልንሰማ ስንገባ ሐኪሙ ወጣት፣ እንግሊዝኛው የሚሮጥ ልጅ ነበር፤ አባቴ ከንፈር ከንፈሩን እያየ ሊከተለው ሞክሮ አቃተውና ወደ እኔ ዞረ። ያን ቀን አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። "አባ፣ ክፉ በሽታ አይደለም። ካንሰር አይደለም ይላል። በትንሽ ኦፕሬሽን ትወጣለች፣ ትድናለህ" አልኩት። እጄን ይዞ መታ መታ አደረገኝ። "እሺ ልጄ፣ እሺ" አለ፣ ሰው ሊያጽናኑት የመጡትን መልሶ እንደሚያጽናና። ከዚያ አንገቱን መለስ አድርጎ በር ላይ የቆመችውን ነርስ በሉጋንዳ "ኪቱፉ?" አላት፤ እውነት ነው ወይ? እሷም እየሳቀች ሁሉም እውነት መሆኑን ነገረችው። "አልሐምዱሊላህ!" ያለው ያኔ ነው፣ እሷን እያየ።