አልዳንሁም፣ አልሞትሁም

የመስታወትን ዓይን የሚሞላ ሰው ሰቆጣ አላፈራችም። ከዝቋላ በረሃ የሚወጣውን ፍየል እየተቀበለች ስትሸጥ የኖረች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ገዢ ሲመጣ አስቀድማ የምትገምተው ፍየሏን ሳይሆን ገዢውን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ፍየሏ ትበልጥባታለች። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን የባሏን ወንድም ምንዋጋውን ነበር። ምንዋጋው ጥቂት ወራት ቄስ ትምህርት ቤት ውሎ በዚያችው ዕድሜ ልኩን አዋቂ የሆነ፣ ከጠላ ቤት የማይታጣ፣ ቀብር ላይ ከሟች ቤተሰብ በላይ የሚጮህ ሰው ነው።

ከሰገራዋ ጋር ደም ማየት የጀመረች ጊዜ ለማንም አልተናገረችም። መታመምን ትንቃለች፤ ሰው ሲያዝንላት ደግሞ ከመታመሙም ይብስባታል። ምንዋጋው መገርጣቷን አይቶ፣ ሳይጠየቅ፣ ኪንታሮት ነው ብሎ ፈረደና የተወቀጠ ሥር በጥብጦ አመጣላት። እፊቱ ደፋችው። ሐኪም ቤትም ግን አልሄደችም። እንዲህ እንዲያ ስትል አንድ የገበያ ቀን ፍየል እንደያዘች ወደቀች። አስተማሪ የሆነችው ልጇ ፅዮን ፈቃዷን ሳትጠይቅ ሐኪም ቤት አስገባቻት፤ ከዚያ ወደ ጎንደር ተላከች። ትልቁ አንጀቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ፣ የታመመው ክፍል ከከበበው ስብ ጋር ተቆርጦ ወጣ።

ምንዋጋው አስታማሚ ነኝ ብሎ አብሯት ሄዶ ነበር። ያስታመመው ግን የራሱን ሆድ ነው፤ ለእሷ የመጣውን አጥሚት እሱ ያጋምሰዋል። ተቆርጦ የወጣው አንጀት ተመርምሮ ውጤቱ የመጣ ዕለት፣ ሐኪሞቹ ሲነጋገሩ «ንፍፊቶቹ ንጹህ ናቸው» ሲሉ ሰማ። የቀረውን ለመስማት አልቆመም። ስልኩን አንሥቶ መስታወት ድናለች፣ ድግስ ይዘጋጅ ብሎ ለሰቆጣ ዘመድ ሁሉ አወጀ።

ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምናውን የሠራችው ዶክተር ማርታ ወንበር ስባ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠችና ነገሩን አስረዳቻት። ካንሰር ከአንጀት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚያርፍባቸው ንፍፊቶች፣ እውነት ነው፣ ሁሉም ንጹህ ሆነው ተገኝተዋል። ነገር ግን አንጀቱን በከበበው ስብ ውስጥ፣ ከዋናው እጢ ተነጥለው፣ ንፍፊት ያልሆኑ ትንንሽ የካንሰር ቋጠሮዎች ነበሩ። በእነርሱ የተነሣ የበሽታው ደረጃ ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ሆኗል፤ ስለዚህ ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት መውሰድ ያስፈልጋታል።

«ንፍፊቱ ንጹህ ከሆነ ሦስት የሚያሰኘው ምንድን ነው?» አለ ምንዋጋው። «ሐኪም ሥራ ሲፈታ ደረጃ ይጨምራል።»

መስታወት ወደ እሱ አልዞረችም። «አንቺ ልጅ፣» አለች ዶክተሯን፣ «ቋጠሮዎቹ ወጥተው የለ? ምን ቀረ?»

«ያገኘናቸው ወጥተዋል። ግን ካንሰሩ ከበቀለበት ቦታ መልቀቅ እንደጀመረ ነግረውናል። ዓይን የማያየው ተርፎ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ እሱን እንዲያጠፋ ነው።»

«ከወሰድሁት እድናለሁ?»

«ተመልሶ የመምጣቱን ዕድል ይቀንሰዋል። ይድናሉ ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

መስታወት ልጅቱን ትክ ብላ አየቻት። የምትንቅበት ነገር ፈልጋ አጣችባት፤ ይህም አናደዳት።

ሰቆጣ ስትገባ ምንዋጋው ቀድሟት ተመልሶ ከእሷው በረት ሙክት አሳርዶ ጠበቃት። ድናለች የሚለውና ካንሰር ነው የሚለው ወሬ ስለተምታታ፣ እንግዳው ግማሹ እልል ሊል፣ ግማሹ ነጠላውን ዘቅዝቆ ሊያለቅስ መጥቷል። ደጃፏ ላይ ቆመች።

«ለደስታ የመጣችሁ፣ አልዳንሁም። ለለቅሶ የመጣችሁ፣ አልሞትሁም። ሥጋው ግን የእኔ ነው፤ ብሉና ሂዱ።»

በሉ። አንድም ሰው አፍሮ አልወጣም፤ በዚህም ናቀቻቸው።

ከዚያ ጎንደር እየተመላለሰች መድኃኒቱን ጀመረች። ከመድኃኒቱ የተነሣ ቀዝቃዛ ውሃ ስትነካ ጣቷን እንደ እሾህ ይወጋታል። ውሎ አድሮ ጣቶቿ ደነዘዙ፤ የፍየል ጎድን ዳብሳ ፍየሏ ሥጋ መያዟን መለየት ተሳናት። ያን ጊዜ ንቀቷ ወደ ራሷ ዞረ። ፍየል የማታውቅ መስታወት ምን ትረባለች ብላ መድኃኒቱን ልተወው አለች። ፅዮን አለቀሰች። ምንዋጋው ግን ደግ አደረግሽ፣ ድሮም ከንቱ ልፋት ነው አላት። በማግስቱ ማለዳ መስታወት ዘንቢሏን አንጠልጥላ ጎንደር ልትሄድ መናኸሪያ ተገኘች፤ ምንዋጋው የደገፈው ሐሳብ ትክክል ሊሆን አይችልም።

መድኃኒቱን ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ በተደረገላት ምርመራ ሁሉ ካንሰር አልታየም፤ ዶክተር ማርታም ዛሬም ቃል አልገባችላትም። ጣቶቿ እንደደነዘዙ ናቸው። ፍየል የሚዳብስላት ሰው ቀጥራለች፤ ስለሚሳሳት ትንቀዋለች። ምንዋጋው በበኩሉ ያዳናት የእኔ ሥር ነው እያለ ጠላ ቤት ያወራል።

በቅርቡ ከጋዝጊብላ ቄስ ገብረ አምላክ የሚባሉ ሰው ወደ ገበያዋ መጡ። የአንዱን ፍየል ዋጋ ጠየቁ፤ የሌላውን ጠየቁ፤ አልገዙም፣ አልሄዱምም። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ደም ያያሉ?» አለቻቸው።

ቄሱ ግራ ቀኛቸውን አይተው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሰውን ኃጢአት ሁሉ ሲሰሙ የኖሩ ሰው፣ ይህችን ለሐኪም መናገር አፈሩ?» አለች። «ነገ ጠዋት ሐኪም ቤቱ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። ቢቀሩ ደብርዎ ድረስ መጥቼ በምእመኑ ፊት እናገረዋለሁ።»

ቄሱ መጡ። መስታወት መስቀላቸውን ተሳለመች፣ ስለመዘግየታቸው ወቀሰቻቸው፣ ከዚያም ወደ ውስጥ አስገባቻቸው።