ሁለቱ ቦርዶች

ቦርድ ሲባል እኔ የማውቀው አንድ ነው ልጆቼ፤ የቤተክርስቲያናችን ቦርድ። ምርጫውም ደርሶ ነበር። የልጅ ልጄ ሳራ ከምትኖርበት ከሞንትቤሎ ሰፈር ደውላ፣ «እማዬ፣ ቦርድ ልመርጥ ነው፤ ሄልፕ አድርጊኝ» አለችኝ። ቤተክርስቲያን ከረገጠች ስንት ጊዜዋ! በደስታ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«እንዴት ያሉ ናቸው?» አልኳት።

«አንዱ ትልቅ ነው፣ አይነቃነቅም። ሌላው አጭር ነው፤ በትንሽ ሞገድ ቶሎ ይዞራል።»

«ቶሎ የሚዞር ምን ያደርግልሻል? የማይነቃነቀውን ምረጪ!»

ቅዳሜ አብረን እናያቸዋለን ስላለችኝ ነጠላዬን ለብሼ ስጠብቃት መጥታ ወሰደችኝና እንግልውድ የሚባል ከተማ ወንዝ ዳር መኪናዋን ፓርክ አደረገች። ሳሩ ላይ እንደ በር ሳንቃ ያሉ ሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች ተጋድመዋል። ወንዙ ውስጥ ደግሞ ሰዎች እንዲህ ያለው ላይ ቆመው፣ መቅዘፊያ ይዘው ሞገዱ ላይ ይንሸራተታሉ።

«ቦርዱ የታለ?» አልኩ።

«እነዚህ ናቸዋ!»

ክው አልኩ። የቤተክርስቲያኑ ምርጫ መስሎኝ ነበር ብላት፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና እቅፍ አደረገችኝ።

«እማዬ፣ ትልቁ ሁለት ሰው ይይዛል። ከእኔ ጋር ላዩ ላይ ከወጣሽ እሁድ ቤተክርስቲያን እመጣለሁ፤ ፕሮሚስ።»

የዘረጋችልኝን ላይፍ ጃኬት፣ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ፣ ተቀብዬ በነጠላዬ ላይ አጠለቅኩት።