የቦራው ፈረስ ጭራ

ይህ ታሪክ ለመነገር የሚበቃ መሆኑን እጠራጠራለሁ። በዚያ ዓመት በወረዳችን በሀብሩ ቤቱን ያጣ፣ ልጁን የቀበረ ሰው እያለ ስለ አንዲት ማሲንቆ ልጽፍ መነሣቴ ያሳፍረኛል። ግን ያን ጊዜ ሳስታውስ መጀመሪያ የምትመጣብኝ እሷ ናትና እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ የእናቴ አጎት ከትንሿ ልጃቸው ጋር ከዚያ ሸሽተው መርሳ እኛ ቤት መጡ። ዕድሜ ልካቸውን በሰርግና በክርስትና የተጫወቱ አዝማሪ ናቸው። የመጡበት አይሱዙ ላይ የዱቄት ጆንያ ወድቆባት ማሲንቋቸው ተሰባብራለች። የተረፈችው ደጋኗ ብቻ ነበረች፤ በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋት ገቡ።

ልጃቸው ግራና ከተማ ለሚኖር ወጣት ታጭታለች፤ ሰርጉ ለጥር ተቀጥሯል። ታላላቆቿን ሁሉ የዳሩት ራሳቸው እየተጫወቱ ነው።

“ይቺን በባዶ እጄ አልድርም” አሉ። “ወይ እጫወታለሁ፣ ወይ ሰርጉ ላይ አልቀመጥም።”

እናቴ እንደ ቀልድ ወሰደችው። እኔ ፊታቸውን ስላየሁ አልሳቅሁም። ልጃቸውም አልሳቀችም።

አባቴ አናጺ ነው። ዕቃ ሊገዛ ደሴ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። መጋዙ፣ መላጊያውና መሮው ግን ቤት ነበሩ፤ ከበር ሥራ የተረፈ የዋንዛ ጣውላም ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መብራትም ስልክም የለም።

“እኔ እሠራልዎታለሁ” አልኳቸው።

“አንቺ?”

“አንቱ ይንገሩኝ እንጂ።”

ጎረቤታችን የመላጊያውን ድምፅ ሰምታ በአጥር በኩል ብቅ አለች። “አናጺው ሴት ልጁን አዝማሪ ሊያደርጋት ነው እንዴ?”

“እሱማ የለም፤ ራሷ ናት” አለች እናቴ። “ሰርጉ ሲደርስ እስክስታ የምትወርጂው ግን አንቺው ነሽ!”

የመጀመሪያው የድምፅ ሳጥን ጠመመብኝ። ፈታሁትና እንደገና ጀመርሁ። ሁለተኛው ቀና። ውኃ ያራስሁትን የፍየል ቆዳ ሙሽራዋ ከአንድ ወገን ይዛልኝ ሳጥኑ ላይ ወጠርነው፤ በጥላ እንዲደርቅም ተውነው። ዝናቡ አላቆም ብሎ ወደ ምድጃ ላስጠጋው ስል ግን አዛውንቱ በከዘራቸው መንገዴን ዘጉት። “እሳት ያየ ቆዳ ይሰነጠቃል። ታገሺ።”

የቀረው ጭራ ነበር። የአንዲት የጋሪ ባዝራ ጭራ ከባለቤቷ ለምኜ አመጣሁና በሳሙና አጥቤ አቀረብሁላቸው። በጣታቸው መሐል አሳልፈው አንዱን ሳብ ሲያደርጉት ተበጠሰ።

“የባዝራ ነው?”

“አዎ፤ ልዩነት አለው?”

“ባዝራ ስትሸና ጭራዋን ታርሰዋለች። ሽንት የበላው ጭራ አይዘፍንም። የድንጉላ አምጪ።”

ድንጉላ ከየት ይምጣ? ከተማውን የያዙት ታጣቂዎች እንዳይወስዱበት ፈርቶ ወንድ ፈረሱን ያልደበቀ ባለጋሪ አልነበረም። አንዱ ግን ቤቱ ውስጥ እንዳሰረው ይወራ ነበር። አዛውንቱን ደግፌ ሄድን።

“የምን ፈረስ? ገጠር ከላክሁት ቆየ” አለ ባለጋሪው በሩን በትከሻው ሞልቶ።

ያን ጊዜ ከጓዳ አንድ ነገር በኃይል አነጠሰ።

“ባለቤቴ ናት፤ ጉንፋን ይዟታል።”

ሚስቱ ውኃ ቀድታ ከኋላችን እየመጣች ነበር። “ማን? እኔ?” አለች።

ሰው እንዳይሰማ ጎትቶ አስገባን። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ፈረስ ከአልጋው አጠገብ ቆሟል።

“ጭራውን ቆርጣችሁ ዝንቡን እኔ ላባርርለት?”

“ከመሐል መዝዘን ጥቂት ብቻ ነው” አሉ አዛውንቱ። “ሰርጉ ላይ ከሙሽራው አባት በፊት ፈረስህን አወድሰዋለሁ።”

ባለጋሪው አሰበ። “ከሙሽራው አባት በፊት?”

“በፊት።”

“በሉ ቶሎ በሉ፤ እንዳይራገጥ እኔ እይዘዋለሁ።”

ጭራውን ማሲንቆዋም ላይ ደጋኗም ላይ አሰርን፤ ድምፅ እንዲሰጥም ዕጣን አሸንበት። የመጀመሪያው ድምፅ የተዘጋ በር ሲከፈት የሚሰማውን ይመስላል። “ጥሬ ናት፤ ትበስላለች” አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ደጅ እንዳይሰማ ጋቢ ተከናንበው በየቀኑ ይለማመዱ ጀመር። ይሳሳታሉ፤ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ሙሽራዋ ሲሳሳቱ ሌላ ነገር ታይ ነበር።

በታኅሣሥ መንገድ ተከፈተና አባቴ ደረሰ። ማሲንቆዋን አገላብጦ አንገቷን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

“እዚህ ጋ ጎርብጧል፤ ልላገው።”

“እንዳትነካው” አሉ አዛውንቱ። “እጄ ለምዶታል።”

ሙሽራው ከግራና ሚዜዎቹን አስከትሎ እኛ ቤት ሲገባ፣ አዛውንቱ ከዳሱ መሐል ተቀምጠው ማሲንቆዋን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁት። የሙሽራው አባት ሊወደስ ጋቢውን አስተካከለ። እሳቸው ግን ወደ ባለጋሪው ዞሩ፦

“ጓዳ ውስጥ ያደረ ያ ቦራ ፈረስ፣
ጭራው ብቻ ወጣ ሙሽራ ሊያወድስ።”

ባለጋሪው ልጁን የዳረው እሱ ይመስል ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ጎረቤታችን እስክስታዋን ወረደችው። ሙሽራዋ ከመውጣቷ በፊት የአባቷን ጉልበት ስማ ማሲንቆዋንም ሳመቻት። እሑድ፣ ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር።