ያልፈሰሰው ሽሮ

ባለፈው ቅዳሜ ፎረስት ሎን ከሚባለው ሰፈር ሱቅ የገዛሁትን ሽሮ ወደ ጠርሙስ ስገለብጥ፣ የነጭ ሽንኩርቱና የኮረሪማው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ እጄ ሳላዘው ጥቂቱን ሳህን ላይ ቆልሎ ጎኑን መመርመር ጀመረ። ይህ የአባቴ አመል ነው።

አባቴ በዘጠናዎቹ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ፣ በአንድ የክኒን ፋብሪካ ላቦራቶሪ፣ የመድኃኒት ዱቄት እንዴት እንደሚፈስ ይለካ ነበር፤ ዱቄቱ በወጉ ካልፈሰሰ አንዱ ክኒን ጎዶሎ፣ ሌላው ትርፍ መድኃኒት ይዞ ይወጣል። ዱቄቱን በፈነል ቁልቁል ያወርድና የቁልሉን ማዕዘን ይለካል፤ ዘርጋ ካለ ደህና ይፈሳል፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን እርስ በርሱ ይያያዛል ማለት ነው። ክፋቱ፣ ጥርጣሬውን ይዞት ቤት ይገባል፤ እኛ ቤት ስኳርና ጨው እንኳ ሳይመረመሩ አይበሉም ነበር።

በምንኖርበት ሰፈር በሞንተሬይ ፓርክ ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ አስካለ ሽሮ እያዘጋጁ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በመሸጥ ነበር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት፤ እናቴ ከሥራ እስክትመለስ እኔንም የሚያበሉኝ እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን አባቴ ከእሳቸው የገዛነውን ሽሮ ቢለካው፣ ያለወትሮው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የስንዴ ዱቄት ሚክስ አድርገውበታል» አለ። እናቴ «ኧረ ተው!» ብትለው፣ «ቴስቱ አይዋሽም» አላት።

የዚያን ቀን ጠዋት ሽሮውን በጣቴ ልልስ ክዳኑን ከፍቼ፣ ከሚንተከተክ ድስት አጠገብ የረሳሁት እኔ ነበርኩ። እርጥበት ዱቄትን እንደሚያያይዝ አባቴ መቶ ጊዜ ሲናገር ሰምቻለሁ። ፈራሁትና ዝም አልኩ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ አባቴ ለአንድ ጓደኛው ነገረው፤ ጓደኛው ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለኳየሩ በሙሉ። ሰኞ እትዬ አስካለ መጥተው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ በራችን ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ አንተ በላቦራቶሪ የምትለካ ሰው ነህ። እኔ ግን እጄን አውቀዋለሁ» አሉት።

አባቴ ቀና ብሎ አላያቸውም። ከዚያ ወዲያ የሚገዛቸው ጠፋና ልጆቻቸውን ይዘው ኤድመንተን ገቡ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶ ቤት ከፍቼ መግባት ጀመርኩ፤ በጣም ናፈቁኝ።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ደፍሬ ስለ ክዳኑ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ «ያን እሑድ ማታ ሽሮውን አድርቄ ደግሜ ለክቼው ነበር፤ ፈሰሰ። እሳቸው በራችን ላይ ሲቆሙ ስንዴ እንደሌለበት አውቅ ነበር» አለኝ።

ይህን ሲነግረኝ እትዬ አስካለ ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር።