ክሮይደን ላይ ጫማዬን ያወለቅሁ ዕለት

ረቡዕ ማለዳ ከለንደን ሰሜን ጫፍ፣ ከኤድመንተን ተነሣሁ። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ነበር፤ በደቡቡ ጫፍ ክሮይደን ካለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ቀርቤ፣ ባለቤቴ የሺእመቤት ከደብረ ማርቆስ መጥታ አብራኝ እንድትኖር ማስፈቀድ። የተለያየነው ደርግ ሳይወድቅ ነው። ልጅ አልሰጠንም፤ ያለን እኔና እሷ ብቻ ነን።

አስተርጓሚ ይመደብልህ ቢሉኝ እምቢ አልሁ። እንግሊዝኛን በሬዲዮና በመዝገበ ቃላት ብቻዬን የተማርሁ ሰው ነኝ። ዳዊትንም የኔታ ሳይቆነጥጡኝ በቃሌ ይዣለሁ። በኤድመንተን እንደኔ ያለ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንፈታተን።

በድልድዩ ላይ

ባቡሩ ሊቨርፑል ስትሪት አወረደኝ። ሌላው ሰው ከመሬት በታች ሲገባ እኔ በእግሬ ወደ ለንደን ብሪጅ ወረድሁ። በእኔ ዕድሜ እንደኔ የሚራመድ አላየሁም። ቴምዝ ደፍርሶ ሲወርድ የአገሬ ወንዝ፣ የክረምቱ ጨሞጋ ትዝ አለኝ። ወንዙ ሲሞላ የሺ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «አንተ ቅደም፤ ከወሰደህ እኔ እጮሃለሁ» ትለኝ ነበር። ድልድዩ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ክሮይደን

ከለንደን ብሪጅ ሌላ ባቡር ይዤ ከቀጠሮዬ ቀድሜ ደረስሁ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በሩ የተከፈተ አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አየሁ። ለዚህ ቀን የገዛሁትን፣ ፊት እስኪያሳይ ያሸሁትን ጥቁር ጫማ አውልቄ ደጃፉ ላይ አስተካክዬ አኖርሁና ገባሁ። የረቡዕን ዳዊት ቆሜ አደረስሁ። አንድ ቃል አልሳትሁም፤ ልቤ ግን የሚጠይቁኝን ጥያቄ ሲያወጣና ሲያወርድ ነበር።

ስወጣ ጫማዬ የለም። ለካ በዚያ ቀን ምእመናኑ ለጣሪያው ማሳደሻ አሮጌ ልብስና ዕቃ ይሸጡ ኖሯል፤ እኔ ውስጥ ሳለሁ ጠረጴዛው ሞልቶ ዕቃው እስከ ደጃፉ ተዘርግቷል። አንዲት ሽበታም እንግሊዛዊት ጠየቅሁ።

«ጥቁሩ ጫማ? በአንድ ፓውንድ ሸጥነው! ገዢው እየሳቀ ነው የሄደው» አለችኝ።

«የእኔ ነው እኮ!»

«ታዲያ ለምን አወለቁት?»

«እመቤቴ፣ በእኛ አገር እግዚአብሔር ቤት በጫማ አይገባም።»

ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ። ክምሩን ሁሉ ስትፈትሽ ቆይታ በእግሬ ልክ የተገኘው እስከ ጉልበት የሚደርስ አረንጓዴ የጎማ ቦት ብቻ ሆነ። ገንዘብ አልቀበልም አለችና ስለ ምን ልጸልይ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። የባለቤቴ ስም አፏ ላይ አልዞር ሲላት «የሺ ይበቃል» አልኋት።

«የሺ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ ማታ ስጸልይ እጠራታለሁ።»

በመጠበቂያው ክፍል

አጠገቤ ኡመር የሚባል የደሴ ሰው ተቀምጧል። ሙሉ ልብሴንና ቦቴን አፈራርቆ አየ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሲወጡ እርሻ ነው እንዴ?»

የሆነውን ብነግረው እስኪያነባ ሳቀ። «እኛም እናወልቃለን፤ ግን አንድ ዓይናችንን ጫማው ላይ ጥለን ነው!»

«እንዲያ እየጸለይህ አላህ ይሰማሃል?»

«ይስማኝ አይስማኝ እንጃ፤ በጫማዬ ነው ቤቴ የምገባው!»

ስሜ ሲጠራ ሳቁን ትቶ እጄን ያዘኝ። «አብሽሩ ጋሼ። ዱዓ አደርግልዎታለሁ።»

ወደ ውስጥ ስገባ ጠያቂው ሹም ቦቴን አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ ጨዋ ሰው ነው። መቼ ተጋባችሁ፣ የት ኖራችሁ ሲለኝ ወንዝ በማያሻግር ሳይሆን በደህና እንግሊዝኛ መለስሁ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና «እስቲ ስለ ባለቤትዎ ይንገሩኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ናት?» አለኝ።

ቋንቋዬ ጠፋ። መዝገበ ቃላቱን በሐሳቤ ባገላብጥ ባዶ። ዳዊቱን ብፈልግ እሱም የለም። ይህ ቀን ቢያልፈኝ የሺን ዳግመኛ በዓይነ ሥጋ እንደማላያት ታየኝ። በውስጤ «አቤቱ» አልሁ። ከዚህ ሌላ ቃል አልነበረኝም። ያን ጊዜ ያቺ ሽበታም ሴትና ኡመር ከግራና ከቀኝ ብብቴን የደገፉኝ መሰለኝ፤ አፌም ተፈታ።

«እኔ ካልመጣሁ እህል አትቀምስም» አልሁት በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ማዕዱን ሸፍና ትጠብቀኛለች። ዛሬም እየጠበቀችኝ ነው።»

ሰውየው ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ። «ውሳኔው በፖስታ ይደርስዎታል» ብሎ አሰናበተኝ።

መመለሻ

ባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ቦቴን አየ። እኔም ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። ቤቴ የገባሁት ሲመሽ ነው። ለዓመታት ጸሎትን ያለ ስሕተት እንደሚወጡት ፈተና ቆጥሬው፣ ሌላውንም እንዲሁ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ጉልበት የሚሰጠው ግን ባዶ እጅን ዘርግቶ መጣራት ነው፤ ሌላው ሰው ስለ እኛ ሲጣራም በእሱ መደገፍ ነው። ይህንንም መምህር አልነገረኝም፤ ራሴው ደረስሁበት።

በማግሥቱ ጠባቧን አልጋዬን አልጋ ለሌለው ጎረቤቴ ሰጠሁና የሁለት ሰው አልጋ ፍለጋ ወጣሁ። ፖስታው ገና አልመጣም።