አልጋው የሳጥኖቹ ነበር

እርጥብ ወረቀት በሸተተኝ ቁጥር፣ ጁባ ውስጥ ከካስተም ገበያ ጀርባ እናቴ የነበራት ትንሽ ሆቴል፣ በተለይ ስድስተኛው ክፍል ድቅን ይልብኛል። የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ሳልስቅ አንብቤ የጨረስኩበት ጊዜ ትንሽ ነው፤ በዚያ ክፍል ተከራይ ላይ ግን እስከ ዛሬ መሳቅ አልሆነልኝም።

አገሪቱ ነፃነቷን ካወጀች ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ተከራይ፣ ዶክተሩ፣ የአንድ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሆነው ተሾሙ፤ ቤት ስላልተሰጣቸውም አራት የብረት ሳጥን አስጭነው እኛ ጋ አረፉ። ሳጥኖቹ አገሪቱ ከመለየቷ በፊት በሰሜኑ ክፍል ሲማሩ ቆይተው የተመለሱ ተማሪዎችን የውጤት መዝገብ የያዙ ሲሆን ሌላ ቅጂ አልነበረም፤ እነሱ ጠፉ ማለት የእነዚያ ልጆች የዓመታት ልፋት መና ቀረ ማለት ነበር። በበጋው ጠዋት ጠዋት የኪራይ ሞተር ላይ ፊጥ ብለው፣ ክራቫታቸው ወደ ኋላ እየተውለበለበ ሲሄዱ በር ላይ ቆሜ አያቸው ነበር።

ዝናቡ ሲገባ ጣራችን ማፍሰስ ጀመረ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳጥኖቹ በላስቲክ ተጠቅልለው አልጋው ላይ ተደርድረዋል፣ ፍራሹ ወለል ላይ ነው፣ እናቴም በሩ ላይ ቆማ ትቆጣለች።

«ዶክተር፣ ሰው ወለል ላይ ተኝቶ ሳጥን አልጋ ላይ? ያሳፍሩኛል እኮ!»

«መሌሽ፣ ግድ የለም ወይዘሮ አስካለ» አሉ፤ ስደት ላይ አዲስ አበባ ስላደጉ አማርኛቸው ጥሩ ነበር። «እኔ ብረጥብ እደርቃለሁ።»

«ሌላ አልጋ ላምጣልዎት?»

«ቢያመጡማ ጥሩ ነበር፤ ቢሮ የቀሩ ሁለት ሳጥኖች አሉ።»

ዝናቡ በበረታበት ወር፣ አንድ ከሰዓት፣ ነፋስ ቆርቆሮውን ገንጥሎ ወሰደው። ዶክተሩ በጎርፉ መሀል እየሮጡ ደርሰው ኮታቸውን አውልቀው ሳጥኖቹ ላይ ጣሉ፤ ሁለቱ ግን ውሃ ገብቷቸው ነበር። እናቴ ሳትጠየቅ ምግብ ቤቱን ዘግታ ወረቀቱን በየጠረጴዛው አሰጣችው።

«ዛሬ ምሳው ወረቀት ነው እንዴ?» አለ ለምሳ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር።

«ነው። እጅህን አድርቀህ ገልብጥ!» አለችው እናቴ።

ገለበጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ሁላችንም ስንገለብጥ ቆየን፤ አንድም ውጤት ሳይጠፋ ደረቀ።

በሚቀጥለው በጋ ዶክተሩ ከሥልጣን መነሳታቸውን ከሬዲዮ ሰሙ። ተተኪያቸው ሆቴሉ ድረስ መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀው የመኪና ቁልፍ ነበር።

«መኪና የለም። ሳጥን ነው ያለው፤ ይቁጠሩና ይፈርሙልኝ» አሉት፤ ቆጥሮ እስኪፈርም ድረስም አልተቀመጡም።

ዛሬ ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ቁጥር የፕሬዝዳንቶችን ፎቶግራፍ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሎ አያለሁ፤ የእሳቸውን የትም አላየሁም። እነዚያ ተማሪዎች ግን ዛሬ ሐኪምና መምህር ሆነዋል፤ ማስረጃቸውን ለቀጣሪ ሲያቀርቡ፣ ማን ወለል ላይ እንደተኛላቸው አያውቁም።